በጴጥሮስ ጓሮ የነበረው የሐበሻ ማረፊያ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሚኒባስ አዘዞን ካለፈ በኋላ ፀዳ ለመድረስ ብዙ አይቆይም። ረዳቱ «ፀዳ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጣራ ተማሪው ቦርሳውን፣ ገበያተኛዋ ዘንቢሏን ይሰበስባሉ፤ መኪናው ሰው አውርዶ መንገዱን ይቀጥላል። በዚህች አጭር መንገድ ጫፍና ጫፍ ሁለት ነገሥታት ተቀብረዋል። አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ያረፉት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። በፀዳ (ጠዳ ብለው የሚጽፏትም አሉ) ደግሞ የልጅ ልጃቸው፣ ጻድቁ ዮሐንስ የሚባሉት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ተቀብረዋል። አያትየው ሃይማኖታቸውን ከሮም ጋር አንድ አደረጉ፤ በዚያ ሳቢያ አገር ደም ተቃባ፤ በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀው በዚያው ዓመት ሞቱ። የልጅ ልጅየው በ1669 በአገሩ ለቀሩት ካቶሊኮች ሁለት ምርጫ ሰጧቸው፤ ወይ በተዋሕዶ እመኑ፣ ወይ ወደ ስናር ውጡ። ሮምን የወደዱትና የሮምን ሰዎች ያስወጡት እንዲህ ተቀራርበው ተኝተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ከጎንደር የወጣ ወጣት ውጭ አገር ካሉ ጓደኞቹ ጋር ተቀጣጥሮ ሮምን፣ አቴንስን ወይም ባርሴሎናን ለሦስት ለአራት ቀን ሊያይ ሲነሣ፣ የአዲስ ዘመን ልማድ የያዘ ይመስለዋል። ቅዳሜ ገብቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በእግሩ ዞሮ፣ ማክሰኞ ይመለሳል። ግን የኢትዮጵያ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ደቡብ አውሮፓን ማየት የጀመረው ጎንደር ከተማ ሆና ሳትቆረቆር ነው። ያን ጊዜም መንገዱን ያስቻሉት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አብሮ የሚሄድ ሰው፣ ሲደርሱም የሚያርፉበት ቤት። ቤቱ ሮም ውስጥ ነበረ። ዛሬም አለ።

ከዚያ ቤት በፊት ግን ሌሎች ጉዞዎች ነበሩ። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች፣ አንቶኒዮ ባርቶሊ በሚባል የፍሎረንስ ሰው እየተመሩ፣ አራት ነብሮች ለስጦታ ይዘው ቬኒስ ገቡ። በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፒዬትሮ ሮምቡሎ የሚባል የሲሲሊ ሰው ያለበት ልዑክ ናፖሊ ወደ ነበረው ወደ ንጉሥ አልፎንሶ ላኩ። እነዚህ የቤተ መንግሥት ጉዳዮች ናቸው። የተራውን መንገደኛ ታሪክ በደንብ የሚያሳየው በመካከላቸው ያለው ሌላ ጉዞ ነው።

በ1441 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ አራተኛ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ፍሎረንስ ላይ ጉባኤ ጠርተው ነበር። ግብዣው ኢየሩሳሌም ለሚገኙት የኢትዮጵያ መነኮሳት ደረሰ። አበምኔቱ ኒቆዲሞስ ዲያቆን ጴጥሮስን ከጓደኞቹ ጋር ላኩት። ከንጉሡ የተሰጣቸው ሥልጣን አልነበረም፤ የገዳም ሰዎች ነበሩ። በነሐሴ ፍሎረንስ ገቡ፣ ከግብጽ ከመጡት ከአባ እንድርያስ ሰዎች ጋር በጉባኤው ፊት ቀረቡ፤ ከዚያም ወደ ሮም ተሻግረው የቅዱሳኑን ንዋያት ተሳለሙ። ጉባኤው ያሰበው አንድነት ሳይሆን ቀረ። የመንገደኞቹ ምስል ግን ነሐስ ላይ ቀረ። ፊላሬቴ የሚባለው የፍሎረንስ ቀራጭ በ1445 የጨረሰው የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በር፣ በትላልቆቹ የቅዱሳን ምስሎች መካከል ባሉት ጠባብ ሰቆች ላይ፣ ከአፍሪካ የመጡትን እነዚያን ልዑካን በጳጳሱ ፊት ሲቀርቡና ሮም ሲገቡ ያሳያል። የድሮው ባሲሊካ ፈርሶ አዲሱ ሲሠራ በሩ አልተጣለም፤ ዛሬ የመካከለኛው መግቢያ በር ነው። በየዓመቱ ሚሊዮኖች በአጠገቡ ያልፋሉ። ዐይናቸው ወደ ጉልላቱ ስለሚሮጥ ሰቆቹን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ቤቱ የተገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። ከጴጥሮስ ባሲሊካ በስተጀርባ፣ ከመቅደሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሰየመ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቱስ አራተኛ አሳድሰው ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ሰጡት። ሮማውያን «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ»፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ አሉት። ከኢየሩሳሌም በቆጵሮስና በቬኒስ በኩል የሚመጣ መነኩሴ፣ ጫማው አልቆ፣ ቋንቋው ጠፍቶበት ሮም ሲደርስ የሚያንኳኳው በር ይህ ነው። ውስጥ በግዕዝ ሰላም የሚለው ሰው አለ። ሰዓታቱ በሰዓቱ ይቆማል፣ ጾሙ በሥርዐቱ ይጾማል። ጥቂት ቀን ከርሞ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለስ ነበረ፤ እስከ ስፔን ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ድረስ የሚገፋም ነበረ፤ እዚያው የሚቀርም ነበረ። የቀሩት መቃብር ላይ በግዕዝ የተቀረጸ ድንጋይ ተተከለ።

አንድ ቀን፣ በ1511፣ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ ሮም ውስጥ እነዚህ መነኮሳት ሲያዜሙ ሰማ። ቋንቋውን አያውቀውም። ነገር ግን በዜማው መካከል የእመቤታችን ስም፣ የሐዋርያት ስም፣ የቅዱሳን ስም ጆሮው ውስጥ ገባ። ተከተላቸው። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባለው መነኩሴ ፊደል አስቆጠረው። በ1513 ፖትከን የግዕዝ ዳዊትን ሮም ላይ አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን ከለዳውያን ቋንቋ ነው ብሎ ስለ ተሳሳተ የአውሮፓ ሊቃውንት ግዕዝን ለረጅም ዘመን በዚያ ስም ጠሩት። መጽሐፉ ሲነሣ የፖትከን ስም ቀድሞ ይመጣል፤ የቶማስ ስም መከተል የለበትም፣ ከጎኑ መቀመጥ አለበት። ተማሪው ያሳተመው መምህሩ ያስጠናውን ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ የግራኝ ጦርነት ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። ከዚያ ገዳም የወጡት አባ ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ገቡና የእስጢፋኖስን ቤት ማእከል አደረጉት። ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሦስተኛ ጋር ይገናኙ ነበር፤ የሮም ሊቃውንት ፒዬትሮ እያሉ ይጠሯቸዋል። በአገራቸው መጻሕፍት ሲቃጠሉ ያዩ ሰው ናቸውና ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ወንጌሉ ሊጠፋ በማይችልበት ብዛት ይታተም። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ከሚባሉ ሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ተቀምጠው በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ።

ሥራውን በቅርብ ለተመለከተው ልብ ይነካል። ፊደል የሚለቅሙት የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ጣሊያኖች ናቸው፤ «ሀ»ን ከ«ሐ» መለየት አይችሉም። መነኮሳቱ ደግሞ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ እንጂ የእርሳስ ፊደል ነክተው አያውቁም። አንዱ ወገን የማያነበውን ይደረድራል፣ ሌላው ወገን መደርደር የማይችለውን ያርማል። መነኮሳቱ በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ የጠየቁት ይህንኑ በግልጽ ነግረው ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1552 ገና በጎልማሳነታቸው ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው በእስጢፋኖስ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ከእርሳቸው የተማረው ማርያኖ ቪቶሪ የግዕዝ ሰዋስው ሮም ላይ አወጣ።

ቬኒስ ላይም ሌላ ዐይነት ሥራ ተሠርቷል። አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል የቬኒስ ሰው ከ1519 እስከ 1524 ባሉት ዓመታት በከተማው የሚያልፉ የኢትዮጵያ መነኮሳትን እያስቆመ መንገዱን ይጠይቃቸው ነበር። ከየት ተነሣችሁ? እስከ ቀጣዩ ገበያ ስንት ቀን? ወንዙን በምን ተሻገራችሁ? እነርሱም ቦታውን በስም፣ ርቀቱን በቀን እየቆጠሩ ነገሩት። የዛሬ ጓደኛሞች ከመነሣታቸው በፊት በስልክ ካርታ ላይ የሚያዩትን እነዚያ መነኮሳት በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ግን አማርኛን የሚወድ ሰው ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባው የ1649 ታሪክ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ አማራ ከሚባለው አገር፣ ዛሬ ወሎ ከምንለው። በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮኖች ጋር ወግነው ስለ ነበር፣ ፋሲል ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝንና ሚሲዮኖቹን ሲያስወጡ እርሳቸውም አገር ለቀቁ። ሮም ገብተው በእስጢፋኖስ ቤት ይኖሩ ነበር። ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊ ወጣት በሌላ ጉዳይ ሮም መጣ። ግዕዝን ያለ መምህር ከመጽሐፍ ተምሯል። ሐበሾቹ የት ናቸው ብሎ ጠይቆ ወደ ቤቱ ሄደ፤ አራት ኢትዮጵያውያን አገኘ። ቋንቋችሁን መማር እፈልጋለሁ ሲላቸው፣ እርሱ በኢትዮጵያ ካልሆነ እዚህ አይሆንም አሉት። የብራና መጽሐፍ አመጡለት፤ አነበበው። ሳቃቸው አመለጣቸው። እንዲያ ያለ አነባበብ ሰምተው አያውቁማ! ያነበበውን ሲተረጉም ግን ሳቁ ቆመ፤ ትርጉሙ ልክ ነበር። ያለ መምህር ይህን ማድረጉ ገረማቸው።

ከዚያ በኋላ ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ ወዳጆች ሆኑ። ሉዶልፍ ወደ አገሩ ሲመለስም በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ አልፕስን ተሻግረው ጎታ ከተማ፣ ወደ መስፍኑ ኤርንስት ግንብ ሄዱ፤ በዚያም ክረምት ከወዳጃቸው ጋር ስለ አገራቸው ሲነግሩት ሰነበቱ፤ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ እንስሳው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቃሉ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ከእርሳቸው አፍ የተቀዳ ብዙ ነገር አለበት። በ1698 ያወጣቸው የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ። አማርኛ ሰዋስው ኖሮት ሲታተም ያ የመጀመሪያው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሞክሩ በእስክንድሮን ባሕር መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። በውጭ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «መረጃ ሰጪ» እየተባሉ ይጠቀሳሉ። ትክክለኛው ስማቸው መምህር ነው።

እንግዲህ ወደ ጎንደር እንመለስ። ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ ሮም ውስጥ ሲገናኙ ፋሲል በ1636 የቆረቆሯት ከተማ በማደግ ላይ ነበረች፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል። ፋሲል ከሱዋኪንና ከምጽዋ ገዥዎች ጋር ተስማምተው የካቶሊክ ቄስ እንዳያልፍ አደረጉ። ልጃቸው ዮሐንስ፣ የፀዳው ዮሐንስ፣ የቀሩትን አስወጡ። ይህን እንደ ጥላቻ ብቻ የሚያየው ሰው የሱስንዮስን ዘመን ረስቷል ማለት ነው። ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቀሳውስቱ እንደገና ይካኑ፣ በዓላቱ ይቀየሩ ብሎ ነበር፤ ከዚያ የመጣው እልቂት በላስታም በደምቢያም በአንድ ትውልድ የሚረሳ አልነበረም። ሆኖም ዋጋ ተከፍሎበታል። የሮሙ ቤት እንግዳው እየሳሳ ሄደ፣ ከዓመት ዓመት በግዕዝ የሚያዜምበት ጠፋ። ትላንት በቬኒስ አደባባይ በቡድን የሚታየው የሐበሻ መነኩሴ በጎንደር ዘመን ብርቅ ሆነ። አዘዞ ላይ ደግሞ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ለሱስንዮስ ባነጸበት ስፍራ ሣር በቀለ። ያን ስፍራ እንደገና የቆፈሩት የፓኤዝ አገር ሰዎች፣ ከማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ናቸው፤ በ2000ዎቹ ዓመታት።

መንገዱ እንደገና የተከፈተው ባልታሰበ ምክንያት ነው። አቡን ጠፋ። በ1840 ገደማ ኢትዮጵያ ጳጳስ አልነበራትም፤ ጳጳስ ከሌለ ቄስ የሚክን የለም፣ ንጉሥ የሚቀባ የለም። የሰሜኑ ጌታ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ከስሜን ደጋ ተነሥተው ትግራይንም የያዙት፣ ገንዘብ አውጥተው ካይሮ ልዑክ ለመላክ ቆረጡ። የልዑኩ መሪ እንዲሆን የለመኑት ጁስቲኖ ዴ ያቆቢስን ነበር፤ ከደቡብ ጣሊያን ሳን ፌሌ የመጣ፣ አድዋ የተቀመጠ የላዛሪስት ቄስ፤ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይለዋል። እርሱም ካይሮ ከደረስን በኋላ የሚፈልጉትን ይዤ ሮም እሄዳለሁ ብሎ ተስማማ።

በ1841 መጀመሪያ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሰዎች ከአድዋ ተነሡ። መነኮሳት፣ ደብተራዎች፣ የመኳንንት ሰዎች፣ አሽከሮች ነበሩባቸው። ከመካከላቸው የጎጃም ተወላጁ፣ የመርጡለ ማርያሙ አባ ገብረ ሚካኤል ይገኛሉ፤ በልጅነታቸው አንድ ዐይናቸውን ያጡ፣ ለትምህርት ሲሉ ገዳም ለገዳም የዞሩ፣ ጎንደር ላይ ሲያስተምሩ ዐፄ ዮሐንስ ሦስተኛም ደቀ መዝሙራቸው የነበሩ ሊቅ ናቸው። ካይሮ ላይ ፓትርያርክ ጴጥሮስ ሰባተኛ እንድርያስ የሚባል ገና ወጣት መነኩሴ አቡነ ሰላማ ብለው ሾሙላቸው። አባ ገብረ ሚካኤል በልጅነቱ ምክንያት ሹመቱን ተቃወሙ፤ አልተሰሙም። አቡኑ ወደ ኢትዮጵያ አቀና። ከሃያ በላይ የሚሆኑት ግን ከዴ ያቆቢስ ጋር መርከብ ተሳፈሩ።

በነሐሴ ሮም ነበሩ። የእነርሱ ሮም የእኛ ዘመን ሮም አይደለችም፤ የጣሊያን መንግሥት ገና አልተወለደም፣ ከተማዋን የሚገዙት ጳጳሱ ናቸው። ነጭ ኩታ የለበሱ፣ ራሳቸውን የጠመጠሙ ሰዎች በነሐሴ ፀሐይ በጴጥሮስ አደባባይ በቡድን ሲሄዱ፣ ሕዝቡ ዞሮ ያያቸው ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ ስድስተኛ ተቀበሏቸው። አብያተ ክርስቲያናቱን ተሳለሙ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት በ1441 የዲያቆን ጴጥሮስ ጓደኞች በመጡበት ወር ገደማ መምጣታቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ በሚያልፉበት በር ላይ የእነዚያ ምስል ግን በነሐስ ተቀርጾ ይጠብቃቸው ነበር። ከዚያ በኢየሩሳሌም በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የዚያ ጉዞ ፍሬ በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ የታየው ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ጃናሞራ ውስጥ፣ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት ደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1855 ዘውድ የደፉት ደረስጌ ላይ ድል ያደረጓቸው ካሳ ኃይሉ ሆኑ፤ ቴዎድሮስ ተባሉ። የቀቧቸው አቡነ ሰላማ ናቸው፤ የውቤ ገንዘብ ከካይሮ ያስመጣቸው አቡን። አባ ገብረ ሚካኤል በመንገዱ ያዩትንና የሰሙትን ሲያሰላስሉ ቆይተው በ1844 ካቶሊክ ሆነው ነበርና ተያዙ፤ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከሠራዊቱ ጋር ሲነዱ በዚያው በ1855 ክረምት ሞቱ። ዴ ያቆቢስ ጎንደር ላይ ታስሮ ተባረረ፤ በ1860 በምጽዋና በደጋው መካከል ባለው በረሓ ላይ ዐረፈ። ሮም አባ ገብረ ሚካኤልን በ1926 ብፁዕ፣ ዴ ያቆቢስን በ1975 ቅዱስ ብላ ሰየመች። በሃይማኖት ጉዳይ አንባቢ የየራሱ አቋም ይኖረዋል። እንደ ታሪክ ግን የ1841 መንገደኞች በጎንደርና በስሜን ትምህርት ቤቶች ከቴዎድሮስ ንግሥ ጋር አብረው ሊነገሩ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው፤ አቡኑ ባይመጡ ዘውዱን ማን ይቀባው ነበር?

ከዚህ በኋላ መንገዱ እየለመደ ሄደ። ራስ መኰንን በ1889 ጣሊያን ሄደው በንጉሥ ኡምቤርቶ ፊት ቀረቡ፤ የውጫሌ ውል ተጨማሪ ስምምነት ናፖሊ ላይ ተፈረመ። ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ላይ ኢኛሲዮ ጉዊዲን አማርኛ አስተማሩት፤ ጉዊዲ በ1901 ትልቁን የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ፣ ራስ ኃይሉን፣ ራስ ሥዩምንና ብላቴን ጌታ ኅሩይን ከመሳሰሉ ሰዎች ጋር፣ ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ፓሪስን፣ ለንደንን፣ ሮምንና አቴንስን ዞሩ።

ከእነዚህ ሁሉ ለጣና አካባቢ ሰው የሚቀርበው የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በ1868 ዘጌ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ጣሊያን ተልኮ ቱሪን ሥዕል ተማረ፤ በኋላ ናፖሊ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማረ። በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ አሳተመ። በ1908 ሮም ላይ ሁለት መጻሕፍት አወጣ። አንዱ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ሁለተኛው ለአበሻ አገር ጎብኚዎች በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የመንገደኛ መምሪያ ነው። የጣና ዳር ልጅ ናፖሊ ላይ ተቀምጦ ለፈረንጅ ቱሪስት የኢትዮጵያን ጉዞ ያዘጋጅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ ደቡብ አውሮፓ ራሱ ጦር ይዞ መጣ። ሚያዝያ 1 ቀን 1936 የፋሽስት ጦር ጎንደር ገባ፤ ከተማዋ ነፃ የወጣችው ኅዳር 27 ቀን 1941 ነው። ፒያሳ የሚለው ስም፣ በፋሲል ግንብ ግርጌ ያሉት ክብ ክብ ማእዘን ያላቸው ቢጫ ሕንፃዎች፣ በየቡና ቤቱ የሚጠራው ማኪያቶ ከዚያ ዘመን ቀርተዋል። ሮም ደግሞ የአክሱምን ሐውልት በ1937 ወስዳ በፖርታ ካፔና አደባባይ ተከለችው። መስከረም 10 ቀን 1960 ማታ፣ በችቦ ብርሃን፣ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ የሚሮጠው አበበ ቢቂላ በዚያ ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎ ሄደ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ገባ። ጓደኛው አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ። ሐውልቱ በ2005 ወደ አክሱም ተመልሶ በ2008 ቦታው ላይ ቆሟል።

የእስጢፋኖስ ቤት ታሪክም ቀጥሏል። በ1919 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ ዐሥራ አምስተኛ በጥንቱ ማረፊያ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አቋቋሙ። ተከታያቸው ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ በቫቲካን አትክልት ስፍራ አዲስ ሕንፃ አሠሩለት። ከቫቲካን አጥር ውስጥ ያለ ኮሌጅ እርሱ ብቻ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ካህናት ዛሬም እዚያ ይማራሉ። ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ከጎኑ አለ፤ በቫቲካን ከቆሙት ሁሉ አንጋፋው ነው ይባላል።

እንግዲህ ከጓደኞቹ ጋር ለጥቂት ቀን ሮም የሚሄድ የጎንደር ልጅ ጊዜው አጭር ነውና መርጦ ይይ። ጴጥሮስ ባሲሊካ ሲደርስ በቀጥታ አይግባ፤ ከመካከለኛው የነሐስ በር ፊት ቆሞ ከትላልቆቹ ምስሎች መካከል ያሉትን ጠባብ ሰቆች ይፈልግ። የእስጢፋኖስ ቤት በቫቲካን አትክልት ስፍራ ውስጥ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይገባበትም፤ ቀድሞ ይጠይቅ። ፖርታ ካፔና ሲደርስ ሐውልቱ እዚያ የለም፤ አለመኖሩን ይይ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ቪዛው እስኪመጣ ባለው ጊዜ፣ ከእነዚያው ጓደኞቹ ጋር ሚኒባስ ተሳፍሮ መጀመሪያ አዘዞ ይውረድ፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሚኒባስ ፀዳ።